ፋን ክላች፦ መጀመሪያ መቼ እንደሚሞቅ ይለዩ፣ ከዚያ ቁልፍ ያንሱ

መኪናዎ የሚሞቀው መቼ ነው? ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ? ይህን የመለሰ ሰው የሥራውን ግማሽ ጨርሷል፤ ያልመለሰ ደግሞ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያላስፈለገውን ዕቃ ገዝቶ ይመለሳል።

ትራፊክ ተዘጋግቶ ሲንፏቀቁ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ የሚወጣ፣ መንገዱ ተለቆ 60 ወይም 70 ሲነዱ ደግሞ ማንም ሳይነካው የሚወርድ ከሆነ፣ ራዲያተሩ አየር አጥቷል። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ከፊት ገብቶ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል። ሲቆም ግን ያን አየር የሚስብለት ፋኑ ብቻ ነው፤ ፋኑ ደክሟል ማለት ነው። በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ረጅም መንገድ ላይ በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ መኪና ችግሩ ያለው ውሃው ዘንድ ነው፦ በዝቃጭ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ፣ በደንብ የማይከፈት ቴርሞስታት፣ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን። እዚህም እዚያም የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ ውሃው ሙሉ መሆኑን ይዩ። ውሃ ሳያዩ ሌላ ነገር መንካት ከንቱ ድካም ነው።

ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ። ዓባይ በረሃን የተሻገረ ሁሉ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ደግሞ የወረዱትን ያህል መውጣት ነው። ሲወጡ ማርሹ ከባድ ነው፣ ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን እየሰጠ ነው፣ መኪናው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ በዚያ ላይ የቆላው ሙቀት አለ። ብዙ ሙቀት፣ ትንሽ ነፋስ። ፋን ክላች፣ ማለትም ፋኑን እንደ ሙቀቱ መጠን ከሞተሩ ጋር የሚያይዝና የሚለቅ ዕቃ፣ የተሠራው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው፤ የደከመ ፋን ክላችም ጉዱ የሚወጣው እዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለወራት ምንም ምልክት ሳያሳይ ከርሞ የዳገቱ እኩሌታ ላይ ኮፈን ያስከፍታል።

የትኛው መኪና አለው?

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ወይም ከፊት ጎማ የሚጎተተውን ኮሮላ የሚነዳ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ ግዴታው አይደለም። የነዚህ ፋን የሚዞረው በኤሌክትሪክ ነው። ቆመው ከሞቁ መታየት ያለበት ፊውዙ፣ ሪሌው፣ የፋኑ ሞተርና የሙቀት ሴንሰሩ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በራሱ ተነሥቶ ሊዞር ይችላል፤ ሞተሩ ትኩስ እያለ እጅ አይሰደድበትም።

ፋን ክላች ያላቸው ሞተራቸው ከፊት ወደ ኋላ በቁመቱ የተቀመጠ መኪኖች ናቸው፦ ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ሃይሉክስ፣ ኒሳን ፓትሮል፣ የኢሱዙ የጭነት መኪኖች። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከሚነዷቸው መካከል ፎር ራነርና ታኮማ ላይም አለ። እዚህ እንደ ምሳሌ የምንይዘው ባለ 1ኤችዜድ ሞተሩን 70 ላንድክሩዘር ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል። አምቡላንሱም፣ የመስክ መኪናውም፣ ሀርድ ቶፑም እሱ ስለሆነ ዕቃውም አዋቂውም በየከተማው ይገኛል። ሞተሩ ገር ነው፤ ኮፈኑ ሥር ሰፊ ቦታ አለ፤ መጀመሪያ እጅ ለማፍታታት ከዚህ የሚሻል የለም።

ውስጡ ምን አለ

ኮፈኑን ከፍተው በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል ቢመለከቱ፣ ፋኑ መሃል ላይ ክብ የአሉሚኒየም ዕቃ ያያሉ። ዙሪያውን ሙቀት የሚያስወጡ ክንፎች አሉት። ከፊቱ፣ ራዲያተሩን በሚያየው በኩል፣ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ስፕሪንግ አለ። ከጀርባው ደግሞ በአጭር ዘንግ ከውሃ ፓምፑ ፑሌጃ (ቺንጋ የሚያዞረው ክብ) ጋር በአራት ዳዶ ታስሯል። ማርሽ ከሚለያየው ፍሪሲዮን ጋር በስም እንጂ በሥራ አይገናኝም።

ፑሌጃው ሞተሩ እስከሠራ ድረስ በቺንጋ ይዞራል። ፋኑ ግን ከፑሌጃው ጋር በብረት አልተያያዘም። ዘንጉ ጫፍ ላይ ውስጥ ለውስጥ የሚዞር፣ ክብ ክብ ቦይ የተቆፈረበት ዲስክ አለ፤ ፋኑ የታሰረበት የውጪው አካል ውስጥም ለዚህ ዲስክ ልክ የተሠሩ ቦዮች አሉ። ሁለቱ አይነካኩም። በመካከላቸው ያለችው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች ናት፤ በዚያች ክፍተት ውስጥ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ይገባል። ማር ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ሲያዞሩ ብርጭቆውም አብሮ ልዙር ይላል፤ ፋኑን የሚያዞረው ይኸው ዓይነት መጎተት ነው።

ብልሃቱ ያለው ዘይቱ ሁልጊዜ ቦዮቹ ውስጥ አለመሆኑ ላይ ነው። ፊት ለፊት ትንሽ ማጠራቀሚያ አለች፤ በማጠራቀሚያዋና በቦዮቹ መካከል በር አለ። በሩን የሚከፍተው ያ የተጠቀለለ ስፕሪንግ ነው። ሙቀት ሲሰማቸው እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው ስለተሠራ፣ በራዲያተሩ አልፎ የመጣው አየር ሲግል እየተጠመዘዘ በሩን ይከፍታል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው አየሩ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ዘይቱ ቦዮቹን ይሞላል፣ ፋኑ ይያዛል፣ ጉርምርምታው ይሰማል። አየሩ ሲቀዘቅዝ በሩ ይዘጋል፤ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፤ ፋኑ በዝግታ መንሸራተት ይጀምራል። ተይዞም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የፑሌጃውን ፍጥነት አያገኝም፤ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ያም ጤና ነው።

ለምን ይህን ሁሉ ጣጣ? ፋኑ ከፑሌጃው ጋር ለምን ዝም ብሎ አይታሰርም? ምክንያቱም ፋን ጉልበት በላተኛ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚወስደው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጎዳና ላይ ነፋሱ በነጻ በሚሠራው ሥራ ናፍጣ ማቃጠል ነው የሚሆነው። ጠዋት በብርድ ሲነሣም ሞተሩ ቶሎ መሞቅ ሲገባው ፋኑ ያቀዘቅዘዋል።

እንግዲህ ይህ ዕቃ በአራት መንገድ ይበላሻል። ዘይቱ በኩሽኔታው (ዘንጉ በሚዞርበት መያዣ) ጎማ በኩል ቀስ በቀስ ይፈስሳል፤ በጣም የተለመደው ይህ ነው። ኩሽኔታው ያልቅና ፋኑ ይወላገዳል። ስፕሪንጉ ይሰበራል ወይም በጭቃና በዘይት ተለውሶ ይያዛል። አልፎ አልፎ ደግሞ ጭራሽ ይጣበቅና ፋኑ ቀን ከሌት ይጮኻል፤ ይህኛው ሞተር አያቃጥልም፣ ናፍጣ ይበላል እንጂ።

ደጋ መኖር ያመጣው ጣጣ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የሞተር ውሃ ደግሞ በሰላሙ ቀን እንኳ ከ80 እስከ 95 ባለው ውስጥ ነው የሚሠራው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በብዙ ቶዮታዎች ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ያያሉ፤ ያን ያህል ባር ግፊት ይይዛል ማለት ነው፤ በዚህ ግፊት የመፍያው ነጥብ አዲስ አበባም ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ጎማው የተበላ ክዳን ካለዎት ግን 92 ላይ ቀሩ። ስለዚህ ክዳን ሳይቀይሩ ፋን ክላች መቀየር ከባዱን አስቀድሞ ቀላሉን መተው ነው፤ ዋጋቸውም አይገናኝም።

ሌላም አለ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን፣ ያው ፍጥነት፣ የሚነፍሰው አየር ግን ያነሰ። ዱባይ ላይ ትንሽ የደከመ ፋን ክላች ጣርማ በር ዳገት ላይ የባሰ የደከመ ሆኖ ይገኛል፤ የቆላው ሙቀት እዚያ ባይኖርም እንኳ።

መሞቱን እንዴት ያውቃሉ?

የመጀመሪያው ፍተሻ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቁልፉ ከመኪናው ወጥቶ የሚደረግ ነው። ፋኑን በእጅ ገፋ አድርገው ይልቀቁት። ጤነኛው ትንሽ ይከብዳል፤ ሲለቁት ቶሎ ይቆማል። ብዙ ዙር በነጻ የሚሽከረከር ከሆነ ውስጡ ዘይት የለም። ጭራሽ አልንቀሳቀስም ካለ ወይም ፑሌጃውን ይዞ ካልሆነ ካልዞረ ደግሞ ተጣብቋል። መኪናው ሠርቶ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ይህንኑ ይድገሙት፤ አሁን ከጠዋቱ ይልቅ መክበድ አለበት። ልዩነት ከሌለ በሩ አልተከፈተም።

ሁለተኛው፣ የፋኑን ሁለት ተቃራኒ ቅጠሎች ጫፋቸው ላይ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዙ። ጫፉ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር መነቃነቅ የተለመደ ነው፤ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ካለፈ ግን ኩሽኔታው አልቋል። ሲወዘውዙ ፑሌጃውም አብሮ ከተነቃነቀ ጥፋቱ የፋን ክላቹ ላይሆን ይችላል፤ የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው። እሱም ከአንገቱ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ማንጠባጠቡ ወይም የደረቀ የኩላንት ነጭ ወይም አረንጓዴ መስመር መተዉ ያስታውቅበታል።

ሦስተኛው ዓይን ነው። የፋን ክላቹ አካል ላይ ከመሃሉ ወደ ዳር የተረጨ፣ አቧራ የያዘ የዘይት ፈትል ካለ ዘይቱ እየወጣ ነው። ትንሽ ወዝ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ትንሽ ወዝና ቆሞ መሞቅ አንድ ላይ ከሆኑ ግን ጉዳዩ ተዘጋ።

አራተኛው ጆሮ ነው። ጠዋት ሲያስነሡት ለአንድ ሁለት ደቂቃ የሚጮኸውና ቀስ ብሎ ዝም የሚለው ፋን ጤነኛ ነው፤ ሌሊቱን ዘይቱ ወደ ቦዮቹ ወርዶ ስላደረ ነው። ኤሲ ያለው መኪና ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆሞ ሞቃት አየር፣ ሲሄድ ቀዝቃዛ የሚሰጥ ከሆነ ይህም አንዱ ምልክት ነው፤ የኤሲው ራዲያተር ያው ፋን የሚስበውን አየር ነው የሚጠቀመው።

ጋዜጣ ጠቅልሎ የሚዞረው ፋን ውስጥ መክተት የሚባለውን ፍተሻ ግን እኔ አልመክርም። ስንጥቅ ያለበት የፕላስቲክ ቅጠል የሚሰበርበት ሰዓት ያ ሊሆን ይችላል፤ ቅጠሉ ሲሰበር ደግሞ በእርስዎ አቅጣጫ ላለመምጣቱ ዋስትና የለም።

እነዚህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት፣ የራዲያተሩን ፊት በባትሪ መብራት ይዩት። ጤፍ ገለባ፣ ትንኝና የደረቀ ጭቃ የደፈነው ራዲያተር ከሞተ ፋን ክላች ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ ያሳያል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ በለስላሳ ውሃ ያጠቡት፤ የመኪና ማጠቢያው ጠንካራ ግፊት ስስ ክንፎቹን ያጣምማል። ቺንጋውንም ይጫኑት፤ ላልቶ የሚንሸራተት ከሆነ ፋኑም ፓምፑም አብረው ይሰንፋሉ።

የሰፈር መፍትሔዎች

መኪና ሞቀ ሲባል ብዙ ጋራዥ የመጀመሪያው ሥራ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። «አገራችን ሞቃት ስለሆነ አያስፈልግም» ይባላል። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር ነው፤ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ሲከፍት፣ ወደ ሞተሩ በአቋራጭ የሚመልሰውን ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ይሆናል፤ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ እየዞረ ይኖራል። ስለዚህ ዳገት ላይ ጭራሽ ሊብስበት፣ ደጋ ላይ ደግሞ በብርድ እየሠራ ናፍጣ ሊበላና ሞተሩን ሊያስረጅ ይችላል።

ሁለተኛው ፋን ክላቹን መበየድ ወይም በብሎን አስሮ ከፑሌጃው ጋር አንድ ማድረግ ነው። መንገድ ላይ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ፣ ቀስ ብሎ ነድቶ ለመግባት፣ አይከፋም። እንደ ዘላቂ መፍትሔ ግን የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ያደክማል፣ ናፍጣ ይበላል፣ በከፍተኛ ዙር ደግሞ ለዚያ ፍጥነት ያልተሠራ ፋን ይዞ መሄድ ነው። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ፋን መተካት ነው። ለላንድክሩዘር ጭነት የሚበቃ ፋን ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ዲናሞው፣ ሽቦው፣ ሪሌው ሁሉ አብሮ መታሰብ አለበት። ያለዚያ ጊዜያዊ ነው። በሜካኒካል ፋን የተሠራን መኪና በሜካኒካል ፋን ማኖር ይሻላል ባይ ነኝ።

ዕቃ ሲገዙ

አሮጌውን ሳይፈቱ ቢያንስ ፎቶ አንሥተውና ለክተው ይሂዱ። ቢቻል ግን ፈትተው ይዘውት ይሂዱ። የሚነጻጸሩት ነገሮች፦ የአራቱ ቀዳዳዎች ርቀት፣ ፋኑ የሚታሰርበት ቀዳዳ ርቀት፣ የመሃሉ ቀዳዳ ስፋት፣ እና ሰዎች የሚረሱት ቁመቱ። ቁመቱ ትንሽ ቢበልጥ ፋኑ ወደ ራዲያተሩ ይጠጋል፤ መንገዱ ሲያናጋ ቅጠሉ ራዲያተሩን ይቦጫጭረዋል። ሲታሰር በፋኑና በራዲያተሩ መካከል ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር መቅረት አለበት።

የቶዮታን ፋን ክላች የሚሠራው አይሲን ነው፤ ስሙ ወይም የቶዮታ ምልክቱ አካሉ ላይ በብረቱ ውስጥ ተቀርጾ ይገኛል። ካርቶን ማንም ያትማል። ሱቁ ውስጥ እያሉ በእጅ ያዙሩት፤ አዲስ ሆኖ በነጻ የሚሽከረከር ወይም የሚንጫጫ ከሆነ ይመልሱት። ያገለገለ ከሆነ የሚገዙት ደግሞ መነቃነቁንና የዘይት ፈትሉን ያዩታል፤ ያገለገለ ፋን ክላች በሰላም የተቀመጠ ከሆነ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ የከረመ ከሆነ ግን ዘይቱ ወደ ኩሽኔታው ሄዶ ሊሆን ይችላል። መኪናው ላይ እንደሚቆመው ቀጥ ብሎ ነው መቀመጥ ያለበት። አዲሱንም ሆነ የፈቱትን እቤት አያስተኙት።

ሥራው

ሞተሩ እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ይቆዩ። ትኩስ ራዲያተር ክዳኑ አይነካም፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ የአንገት ሐብል፣ ቀለበት ይቅር። የእጅ ፍሬን ይሳቡ።

አንድ ጠንካራ ካርቶን በራዲያተሩ ቁመትና ወርድ ቆርጠው በራዲያተሩና በፋኑ መካከል ያስገቡ። ይህን የዘለለ ሰው ፋኑ እጁ ላይ ሲሸሽ ጥግ ላይ ያለውን ስስ ክንፍ ይቀድደዋል፤ ከዚያ ሥራው ፋን ክላች መቀየር መሆኑ ይቀርና ራዲያተር መበየድ ይሆናል።

ፋኑን የከበበው የፕላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ከለላ ከራዲያተሩ ጋር በትንንሽ ብሎኖች ታስሯል፤ አብዛኞቹ 10 ቁጥር ናቸው። እነሱን ፈትተው ከለላውን ወደ ሞተሩ በኩል ያስጠጉት። በአንዳንዱ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቱቦ መንገድ ይዘጋል፤ እንደዚያ ከሆነ ከታች ካለው ቧንቧ ጥቂት ውሃ በንጹሕ ዕቃ ይቅዱና ቱቦውን ይንቀሉት። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ዕቃውን ልጅና ውሻ ከማይደርስበት ያኑሩ።

አሁን አራቱን ዳዶዎች። ፋኑና ፑሌጃው መካከል ጠባብ ቦታ ላይ ናቸው፤ ቡሶላ አይገባም፤ ተራው አፈ ክፍት ወይም ቀለበታማው ቁልፍ ነው የሚሠራው፤ ብዙውን ጊዜ 12 ቁጥር፣ አንዳንዴ 10። ቺንጋውን ገና አይልቀቁት። ዳዶው እንዲላላ የሚረዳው የተወጠረው ቺንጋ ፑሌጃውን መያዙ ነው። እንዲያም ሆኖ ፑሌጃው ከዞረ በአንድ እጅ ቺንጋውን ወደ ውስጥ ጫን ያድርጉ፤ ካልሆነም ረጅም ካቻቢቴ በሁለት ዳዶዎች መካከል አስገብተው ይያዙት። ቁልፉ በአንድ ጊዜ የሚሄደው ጥቂት ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዛገ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ነፍተው ሻይ ጠጥተው ይመለሱ። የተበላ ቁልፍ ከሆነ ዳዶውን ያሻክረዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ኃጢአት ብዙ ነው።

አራቱም እኩል ከላሉ በኋላ ቺንጋውን ይልቀቁ፤ ዲናሞው ላይ ያለውን ማስተካከያ ነው የሚያላሉት። ከዚያ ዳዶዎቹን ሙሉ በሙሉ ፈትተው ፋኑን፣ ፋን ክላቹንና ከለላውን አንድ ላይ ወደ ላይ ያውጡ። ፋኑን ብቻውን ለማውጣት የሚታገል ሰው ሲቸገር ያየሁት ከለላውን ስለሚረሳው ነው።

ቺንጋው ወርዶ ሳለ ሌላ ጊዜ የማይገኝ ዕድል አለ፤ ፑሌጃውን በእጅ ያዙሩት። ያለ ድምፅ፣ ያለ መንገዳገድ መዞር አለበት። ከተንጫጫ ወይም ከተወላገደ ፓምፑን አሁን መቀየር ነው፤ አዲስ ፋን ክላች በሚሞት ፓምፕ ላይ ማሰር ይህንኑ ሥራ ደግሞ መሥራት ማለት ነው። ቺንጋዎቹንም ገልብጠው ይዩ፤ ከውስጥ በኩል ከተሰነጣጠቁ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ።

ጠረጴዛ ላይ ፋኑን ከአሮጌው ፋን ክላች ይፍቱ። ከመፍታትዎ በፊት የትኛው ገጽ ወደ ራዲያተሩ እንደሚዞር በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ተገልብጦ የታሰረ ፋን አየር መሳብ ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ መኪናው አዲስ ዕቃ ታስሮለት ከበፊቱ የባሰ ይሞቃል። ከዚያ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ሥራቸው ላይ ይዩ። የፕላስቲክ ፋን ስንጥቁ የሚጀምረው ከመሃሉ አጠገብ ነው፤ ጥፍር ብታስገቡበት የሚይዝ ቀጭን መስመር ካገኙ ፋኑን ይጣሉት። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚዞር የተሰነጠቀ ቅጠል ኮፈን ይበሳል።

አዲሱን ከፋኑ ጋር ያስሩ። ብሎኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጉልበት ማሳያ አይደሉም። የፑሌጃውን ገጽ ከዝገትና ከጭቃ በጨርቅ ያጽዱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በመካከል ከቀረች ፋኑ ይወላገዳል። ከዚያ ከለላውንና ፋኑን አንድ ላይ አውርደው አራቱንም ዳዶ መጀመሪያ በጣት ብቻ ያስገቡ፤ ቁልፍ የሚነሣው አራቱም በጣት ከገቡ በኋላ ነው። በመስቀል፣ ፊት ለፊት እያቀያየሩ ያጥብቁ። የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ቁልፍ ካለዎት ለ12 ቁጥሮቹ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የመኪናዎ መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይበልጣል። ቺንጋውን ይወጥሩ፤ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ሲጫኑት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ከለላውን ያስሩና ፋኑን በእጅ ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ ዙሪያውን ከለላውን የትም መንካት የለበትም። ካርቶኑን ያውጡ። ውሃ ቀድተው ከነበር ይሙሉት።

በእነዚህ መኪኖች ዳዶው እንደማንኛውም ወደ ግራ ነው የሚፈታው። የቢኤምደብሊው ባለቤቶች ግን ይለያሉ፤ በድሮዎቹ ላይ ፋን ክላቹ በአንድ ትልቅ 32 ቁጥር ዳዶ በቀጥታ ፓምፑ ዘንግ ላይ ይታሰራል፤ ጥርሱም ተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። ይህን ሳያውቅ የታገለ ሰው ይበልጥ ያጠብቀዋል።

ሲያስነሡት

ሞተሩ ሲነሣ ፋኑ ይጮኻል፤ አይደንግጡ፤ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ዝም ይላል። ዝም ካለ በኋላ መያዙን ለማየት መኪናውን ሚኒሞ ላይ አቁመው ከፊት፣ ከራዲያተሩ ውጪ በኩል፣ ካርቶን ይጋርዱለት። መርፌው ከመሃል ትንሽ ከፍ ሲል ጉርምርምታው መምጣት አለበት፤ ሲመጣ ካርቶኑን ያንሡ፤ መርፌው ይወርዳል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፁም ይቀንሳል። መርፌው ወደ ቀዩ እየተጠጋ ድምፅ ከሌለ ወዲያው ካርቶኑን አንሥተው ሞተሩን ያጥፉ። የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ መጋጠሚያ ማኅተም) ማቃጠል ከፋን ክላች ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የዚህ ሞተር ቴስታታም ሙቀት ሲበዛበት ይሰነጠቃል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አራቱን ዳዶዎች አንድ ጊዜ ይነካኩ፤ አዲስ የተወጠረ ቺንጋም ትንሽ ስለሚላላ እንደገና ይዩት።

አሮጌው ፋን ክላች ኩሽኔታው ካልተነቃነቀ አይጣል። የቶዮታ ፋን ክላቾች ብዙዎቹ ሁለት ገጽ ሆነው በትንንሽ ብሎኖች የተያያዙ ስለሆኑ ይከፈታሉ፤ ቶዮታ ራሱ ለዚሁ የሲሊኮን ዘይት በ18 ሚሊ ሊትር ቱቦ ይሸጣል፣ ውፍረቱ ከ3,000 እስከ 10,000 ሴንቲስቶክ ይለያያል። ሲከፍቱት ሁለቱ ገጾች እንዴት እንደተጋጠሙ ምልክት ያድርጉ፤ አሮጌውን ዘይት ጠርገው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቱቦ ግድም ይጨምሩ፤ የጎማ ማኅተሙ እንዳይጠመዘዝ ተጠንቅቀው ይግጠሙ። የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይት ሞልተው የሚሸጡም አሉ፤ ያ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ፋኑም መያዝ በሚገባው ሰዓት ይለቃል። ሲሊኮን ግን ሞቆም ውፍረቱን ብዙም አይቀይርም። ዘይት የተሞላውን አሮጌ ፋን ክላች ቀጥ አድርገው በሳጥን ውስጥ ከክሪኩ አጠገብ ያኑሩ፤ ከ12 ቁጥር ቁልፉ ጋር።